ሸራው ከፊት፣ ምሰሶው ከኋላ

መምህርቷን እንቅልፍ የነሳት ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ሰዎች አብረው ሲጓዙ የሚያርፈው ማን ነው?

ነገሩን ረጋ ብለን እንየው። ተማሪዎች በረሃ ውስጥ በእግር እየሄዱ ነው እንበል። ፈጣኖቹ ቀድመው አንዲት የግራር ጥላ ስር ይደርሳሉ። ቦርሳቸውን ያወርዳሉ፣ ከጫማቸው አሸዋ ያራግፋሉ፣ ብስኩት ይካፈላሉ፣ ይተራረባሉ። ዘገምተኞቹ ቆየት ብለው፣ ላብ በላብ ሆነው፣ ከሩቅ ብቅ ይላሉ። ልክ ጥላው ጋ ሲደርሱ ከተቀመጡት አንዱ ብድግ ይልና «ይኸው መጡ! በሉ እንሂድ!» ይላል። አያችሁ? እረፍት የማያስፈልገው እስኪበቃው አረፈ፤ እረፍት የሚያስፈልገው ቁጭ ሳይል ጉዞ ቀጠለ። የሚቀጥለው ጥላ ላይም ያው ነው። ቀኑ በገፋ ቁጥር ፈጣኑ ይበልጥ ይፈጥናል፣ ዘገምተኛው ይበልጥ ይዘገያል። ክፉ ያሰበ ሰው የለም፤ ነገሩ በራሱ ጊዜ እንዲህ ይሆናል።

መምህርቷ ይህን ያወቀችው ከእህቷ ልጅ ነው።

መምህርቷ የምታስተምረው ጂኦግራፊ ነው። ረጃጅም እግሮቿን አንፈራጥጣ ስለምትራመድ ተማሪዎች በሌለችበት «ኮምፓስ» ይሏታል፤ እሷም የማታውቅ መስላ ትኖራለች። በየዓመቱ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል የእግር ጉዞ ክበቡን ይዛ፣ ድንኳን አሸክማ፣ ወደ በረሃ ትወርዳለች። ሚጡ የእህቷ ልጅ ናት። እናቷ ሌላ ከተማ ስለምትሠራ የምትኖረው ከአክስቷ ጋር ነው፤ የምትማረውም አክስቷ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ነው። እዚያ «ቲቸር» ትላታለች፣ እቤት «አክስቴ»። ድሮ በእራት ሰዓት ሚጡ የማትጠይቀው ነገር አልነበረም። አሸዋ ከየት መጣ? በረሃ ድሮም በረሃ ነበር? ድንጋይ ያረጃል? አክስትየዋ ማንኪያዋን አስቀምጣ ማስረዳት ትጀምራለች፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል፣ ሁለቱም ግድ አይሰጣቸውም።

ባለፈው ዓመት ጉዞ ግን ሚጡ ከኋላ ቀረች። ደግማ ቀረች፣ ደጋግማ ቀረች፤ በመጨረሻም ቁጭ ብላ «አልነሳም» አለች። መነሳቱንስ ተነሳች፤ በረሃ ላይ የት ትቀራለች? እቤት እንደገቡ ግን የጉዞ ጫማዋን ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ወርውራ «ለሚፈልግ ሰው ስጪልኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ እራት ላይ ጥያቄ የሚባል ነገር ቀረ። «ጨው አቀብይኝ» ብቻ። አክስትየዋን አንጀቷን የበላት ይሄ ነው። ጫማ ቢጠፋ ሌላ ይገኛል። ስለ ድንጋይ እርጅና የምትጠይቅ ልጅ ግን ዝም ካለች ማን ይተካታል?

ክበቡም ቢሆን ተለውጧል። ከጉዞው በኋላ በተደረገው ስብሰባ ላይ ክፍሉን ስትቃኘው የመጡት እግረ ቀላሎቹ ብቻ ናቸው። ከፊት ወንበር ላይ፣ ከሁሉም ቀድሞ መድረስ ሥራው የሆነው፣ «ፌንጣ» የሚሉት ልጅ ተንደላቆ ተቀምጧል። መምህርቷ ጠመኔዋን እንደያዘች ቆመች። የእግር ጉዞ ክበብ መርታ የሯጮች ክበብ አተረፈች።

እሷ አንድ ነገር ሲቆረቁራት ዝም ብላ አትተክዝም፤ ትሞክራለች። በመጀመሪያ ሌላውን ሰው ከማድከሟ በፊት ዘገምተኛ መሆን ምን እንደሚመስል ልታውቅ ፈለገች። ሁለት ትናንሽ ከረጢቶች አሸዋ ሞልታ ቁርጭምጭሚቷ ላይ አሰረችና ቅዳሜ ጠዋት ክበቡን ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሰበሰበች።

«ዛሬ ዘገምተኛዋ እኔ ነኝ» አለች። «ከፊት እሄዳለሁ፤ እናንተ ተከተሉኝ። ማንም አይቅደመኝ።»

ሐሳቡ ደህና ነበር። ዘገምተኛ ከፊት ከሆነ ማን ጥሎት ይሄዳል? ግን ሜዳውን ግማሽ ሳይዞሩ ሌላ ነገር ታወቀ። ከኋላዋ ጫማ ለጫማ ይረጋገጣሉ፣ ያዛጋሉ፣ ፌንጣ በቀስታ ያፏጫል። ማንም ምንም አላላትም፤ እሷ ግን አፈረች፤ በገዛ ተማሪዎቿ ፊት አፈረች። ሳይታወቃት መሮጥ ጀመረች፣ ትንፋሿ ተቆረጠ፣ የጎል ምሰሶውን ይዛ ቆመች። ይህ አልሆነም።

ቀጥላ ዘገምተኛን ከአንድ ፈጣን ጋር ማጣመር ሞከረች፤ ፌንጣ ለእሷ ደረሳት። ልጁ ሥራውን ከልቡ ያዘው።

«አይዞዎት ቲቸር! በርቱ! ደረሱ እኮ! ያችን ግንብ ያዩዋታል? እሷን ብቻ ይዩ!»

«አይቻታለሁ።»

«ትንሽ ናት የቀረችው! አይዞዎት!»

«አንተ ልጅ» አለች መምህርቷ ላቧን እየጠረገች፣ «ግንቡ ከአንተ ይሻላል። ቢያንስ ዝም ይላል።»

ሜዳው ዳር ካለው ደረጃ ላይ ሳቅ ተሰማ። ሚጡ ናት፤ የቤት ሥራ የምትሠራ መስላ ተቀምጣ ሁሉን ስታይ ቆይታለች። ልጆቹ ሲበተኑ ወደ አክስቷ መጣች፤ እግሯ ላይ የታሰረውን ከረጢት አየች።

«አንቺ ግን ምን እየሆንሽ ነው?»

«አንቺን።»

ሚጡ ከረጢቱን በእግሯ ጫፍ ነካ አደረገችው። «እና እንዴት ነው?»

«ይከብዳል። አሸዋውን ተዪው፤ እሱ ቀላል ነው። አይዞዎት የሚሉት ነገር ግን...»

«እሱማ ይገድላል!» አለች ሚጡ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሁለቱ አንድ ላይ ሳቁ። አክስትየዋ ጊዜ አላባከነችም።

«ዘንድሮ አንድ ጊዜ ሞክሪልኝ።»

«አክስቴ፣ እኔ ስደርስ እናንተ ትነሳላችሁ። ምኑን ልሞክር?»

«ባይነሱስ?»

«እንዴት? እግራቸውን ልታስሪው ነው?»

«እሱን አላሰብኩትም ነበር» አለች መምህርቷ፣ ከምሯ እያሰበችበት።

«አንድ ቀን» አለች ሚጡ። «የመጀመሪያውን ቀን ብቻ። አውቶቡሱ እስከ ማግስቱ ጠዋት እዚያው ነው የሚያድረው አይደል? ያው ከሆነብኝ ከሹፌሩ ጋር እመለሳለሁ። ከዚያ በኋላ ስለ በረሃ እንዳታነሺብኝ።»

ስለዚህ መፍትሔው ከጉዞው በፊት መገኘት አለበት። መምህርቷ ሰው አብሮ የሚሄድበትን ሁሉ ማየት ያዘች፤ ደረጃ ላይ፣ መንገድ ማቋረጫ ላይ፣ ገበያ ደርሰው የሚመለሱ ባልና ሚስት ላይ። መልሱ ግን የተገኘው እቤት ነው። አንድ ቀን ድንኳኖቹን ፈትሻ ልታናፍስ በረንዳ ላይ አወጣቻቸው። ሸራውን ዘረጋች፤ ምሰሶዎቹ የሉም። ፈለገች፣ አልጋ ስር ጎንበስ አለች፣ የሉም። ለካስ ሚጡ ተገጣጣሚ ምሰሶዎቹን ወስዳ የመጋረጃ ዘንግ አድርጋቸዋለች፤ እሷ ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ሄዳለች። መምህርቷ ሸራውን ታቅፋ በረንዳው ላይ ቆመች። ያለ ምሰሶ ሸራ ምንድነው? ጨርቅ። ያለ ሸራ ምሰሶስ? ዱላ። አንደኛው ያለው ሰው ሌላኛው ያለውን ሰው ከመጠበቅ በቀር ምርጫ የለውም።

«እንዴ!» አለች ጮክ ብላ። ልብስ የምታሰጣው ጎረቤቷ ደንግጣ ዞረች።

ውሃውን ለመከፋፈል አንድ አፍታ አስባ ወዲያው ተወችው። በረሃ ላይ ውሃ መቀለጃ አይደለም፤ እያንዳንዱ የራሱን በራሱ ጀርባ ይይዛል። ጥላ ግን ይሆናል። ጥላ ለጥቂት ጊዜ ቢዘገይ ሰው ያማርራል እንጂ አይጎዳም፤ ለዚያውም አየሩ በቀዘቀዘበት ወቅት። የመጀመሪያውን ቀን ጉዞም ሆን ብላ ዛፍ የሌለበት አቅጣጫ መረጠች፤ ከአውቶቡሱ ተነስቶ እስከ አንድ ኮረብታ፣ እዚያ በድንኳን ጥላ ዕረፍት፣ ከዚያ ተመልሶ አውቶቡሱ አጠገብ ማደር።

የተሳሳተችው አንድ ነገር ላይ ነው። ሙከራ ሲሠሩ ተሞካሪው አስቀድሞ ካወቀ ውጤቱ ይበላሻል ብላ ታምናለችና ለማንም ምንም አላለችም።

በጉዞው ቀን ጠዋት በረሃው እንደ አንሶላ ተዘርግቶ ጠበቃቸው። ፊሽካውን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው የስፖርት አስተማሪ ፈጣኖቹን ይዞ ከፊት ቆመ፤ ሸራው ሁሉ ለእነሱ ታደለ። መምህርቷ ምሰሶዎቹን ከኋላ ለቆሙት ሰጠች። ሚጡ ጥቅሉን ተቀብላ አገላበጠችው።

«ቲቸር፣ ይሄ ምንድነው?»

«ምሰሶ።»

«ምሰሶ መሆኑንማ አያለሁ። ለምን እኔ?»

«ከኋላ የሚሄዱት ይያዙት ብለን ነው።»

«ዘገምተኛ ከሆንሽ አይቀር ተሸከሚ ነው?»

መምህርቷ የቦርሳዋን ማሰሪያ ማጥበቅ ያዘች። አውቶቡሱን ተደግፎ ጥርሱን የሚፍቀው ሹፌር ጣልቃ ገባ። «የኔ ልጅ፣ መመለስ ካማረሽ የፊት ወንበር አለልሽ።»

«ይያዙልኝ ጋሼ» አለች ሚጡ፣ ምሰሶውን ትከሻዋ ላይ እየጣለች።

ጉዞው ተጀመረ። በመጀመሪያ ጠጠራማ ሜዳ ነው፤ ይረገጣል። ከዚያ ልል አሸዋ መጣ፤ አንድ እርምጃ ሲሉ ግማሹን መልሶ ይወስዳል። ፈጣኖቹ እየራቁ እየራቁ ሄደው ከሙቀቱ ጋር የሚንቀጠቀጡ ነጠብጣቦች ሆኑ። ከኋላ የቀሩት ሚጡና ሌሎች ሁለት ተማሪዎች ናቸው፤ መምህርቷ ከእነሱ ትንሽ ቀደም ብላ ትሄዳለች። ምሰሶዎቹ በእያንዳንዱ እርምጃ ቅጭል ቅጭል ይላሉ። አንድ የደረቀ ወንዝ ጋ ሲደርሱ ድምፁ ቆመ። መምህርቷ ዞር ስትል ሚጡ ጥቅሉን ጥላ፣ እላዩ ላይ ተቀምጣለች።

አይዞሽ ማለት አማራት፤ ምላሷን ነከሰች። እሷም ራቅ ብላ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ሌሎቹ ሁለቱም ተቀመጡ።

ከፊት አንድ ነገር እየዘለለ መጣ። ፌንጣ ነው፤ በመጣበት መንገድ እየተመለሰ ነው።

«ምሰሶው! ምሰሶው የታለ?»

«ምን ሆናችሁ?» አለች ሚጡ፣ ከተቀመጠችበት ሳትነቃነቅ።

«ጥላ የለም እኮ! ሸራውን ዘርግተን በእጃችን ደግፈን ቆመናል። በተራ ነው የምንቆመው። የስፖርት ቲቸር ራሳቸው ምሰሶ ሆነዋል።»

«ምን?»

«እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው። ፊሽካቸውን ነክሰው።»

የሚጡ ፊት ተፈታ። ሌሎቹ ሁለቱ በሳቅ አሸዋው ላይ ወደቁ። ሚጡ መጀመሪያ የተቀመጠችበትን ጥቅል፣ ቀጥሎ አክስቷን አየች። አክስትየዋ በጣም የሚስብ ደመና ያየች መስላ ሰማዩን ትመለከታለች። ደመና አልነበረም።

«ስጪኝና ይዤው ልሩጥ» አለ ፌንጣ።

«አይሆንም። የተሰጠው ለእኔ ነው።»

«እባክሽ! ክንዴ ሊገነጠል ነው!»

«ከፈለግክ አብረን እንሂድ። በእኔ እርምጃ ግን።»

ፌንጣ ምን አማራጭ አለው? መጀመሪያ ላይ እንደታሰረ ጥጃ ነበር፤ ሁለት እርምጃ ቀድሞ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይቁነጠነጣል። ሚጡ ድንገት ቆመች።

«እሱን እንዳትረግጠው።»

«ምኑን?»

አንድ ጥቁር ጥንዚዛ ቂጡን ወደ ሰማይ ቀስሮ ቆሟል። ፌንጣ ጎንበስ አለ። «ምን እየሠራ ነው?»

«ሲፈራ እንዲህ ይቆማል። አምናም አይቼዋለሁ። ይሄን ደግሞ እይ።» አንድ ድንጋይ አንስታ ገለበጠችው። ላዩ እንደተቀባ ጫማ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ሆዱ ግን ገርጥቷል። «እዚህ ያለው ድንጋይ ሁሉ እንዲህ ነው። ሁሉም።»

ፌንጣ አንዱን ገለበጠ። ሌላ ገለበጠ። ሦስተኛውን ሲገለብጥ ክንዱን ረስቶታል። «አምና እኔም እዚሁ በረሃ ነበርኩ እኮ! የት ነበር ይሄ?»

«አንተ የምታየው ኮረብታውን ነው። እኔ እንዳልወድቅ እግሬን ነው የማየው።» ድንጋዩን በእጇ እያዟዟረች ጥቂት ቆየች። ከዚያ ቀና አለች። «አክስቴ፣ ግን ለምንድነው ላዩ ብቻ የጠቆረው?»

መምህርቷ ያንን ቅጽበት ዛሬም አውርታ አትጠግበውም። ተማሪዎች ፊት «አክስቴ» ተብላለች፣ ልብ አላለችውም። ማስረዳት ጀመረች፣ ከደስታዋ የተነሳ ከመሃል ጀመረች፣ ተመለሰች። ነፋስ የሚያመጣው ደቃቅ ብናኝ፣ በውስጡ ያለው ብረትና ማንጋኒዝ፣ የድንጋዩን ላይኛ ገጽ ቀስ በቀስ፣ ለማሰብ በሚያስቸግር ብዙ ዘመን፣ እንደሚያለብሰው፤ መሬት የነካው ሆዱ ግን ብናኙ ስለማይደርሰው እንዳለ እንደሚቀር።

«ስለዚህ ይሄን ድንጋይ ማንም ገልብጦት አያውቅም ማለት ነው?» አለች ሚጡ።

«ከአንቺ በፊት ማንም።»

ሚጡ ደነገጠች፤ ድንጋዩን እንደነበረ አድርጋ፣ ጥቁሩን ወደ ላይ፣ በጥንቃቄ መልሳ አስቀመጠችው። ፌንጣም የገለበጣቸውን ሊመልስ ሮጠ።

ኮረብታው ጋ ሲደርሱ የተነሳው ሆታ ሌላ ነው። ሸራውን ተሸክመው የቆሙት ከነሸራው ዘለሉ። «ምሰሶ መጣ! ምሰሶ መጣ!» ሚጡ መንገድ ተጠርጎላት፣ ቦርሳዋን ተቀብለዋት፣ እንደ ሙሽራ ወደ መሃል ገባች። ድንኳኑ ተተከለ፣ ጥላው ወደቀ፣ ሁሉም እኩል ዘፍ አሉ። ከዚያም መምህርቷ እንኳ አስቀድማ ያላሰበችው ነገር መጣ። የስፖርት አስተማሪው እንደ ልማዱ ፊሽካውን ነፍቶ «እንነሳ!» ሲል ሚጡ ምሰሶውን ተደግፋ ብስኩቷን ታኝካለች።

«ቲቸር፣ ምሰሶውን እኮ የሚነቅለው ባለቤቱ ነው።»

«እና?»

«ባለቤቱ ገና አላረፈችም።»

የስፖርት አስተማሪው ፊሽካውን አወረደ። ክንዱን አሸት አሸት አደረገና ተመልሶ ተኛ። ማንም አልተቃወመም፤ ክንዱ የዛለ ሁሉ ይህን ፍርድ ወደደው። መምህርቷ ሳቋ እንዳያመልጣት ኮፍያዋን ፊቷ ላይ ደፋች። እረፍት የሚጀምረው የመጨረሻው ሰው ሲደርስ ነው፤ የሚያበቃውም የመጨረሻው ሰው ሲበቃው። ማንንም ሳትቆጣ፣ ማንንም ሳትለምን፣ ጥያቄዋ ተመለሰ።

በማግስቱ ጠዋት ሹፌሩ ሞተር አሙቆ ክላክስ ነፋ። «የፊት ወንበር ባለቤት! አለሽ ወይስ የለሽም?»

መምህርቷ ድንኳን እያጠፈች ነበር፤ እጇ ቆመ። ሚጡ ከጎኗ ተንበርክካ ምሰሶዎቹን በገመድ እያሰረች ነው። ቀና ሳትል መለሰች።

«ጋሼ፣ ይሂዱ በቃ! እኔ ከሄድኩ ምሰሶ የሚይዝ ሰው የለም!»

ሹፌሩ እየሳቀ አቧራውን አስነስቶ፣ ጉዞው ሲያልቅ ከበረሃው ሌላ ጫፍ ሊወስዳቸው፣ ወደ ከተማ ተመለሰ። መምህርቷ ድንኳኑን አጣጥፋ ስትጨርስ ገልብጣ እንዳጠፈችው አየች፤ እንደገና ፈታችው።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ መምህርቷ ደስ ይላት ነበር። ግን አንድ ችግር ሲፈታ ሌላ ይወልዳል፤ የአሁኑ ደግሞ ያስቃል። ፌንጣ ከጉዞው መልስ አፉን ሞልቶ ያወራው ስለ ኮረብታው አልነበረም፤ ስለ ኋላው መንገድ ነበር። ስለ ጥንዚዛው፣ ስለ ድንጋዩ፣ ቀስ ብሎ ሲሄድ ወሬ እንዴት እንደሚጥም። ክበቡ እንደገና ሞላ፤ የቀሩት ሁሉ ተመለሱ፣ አዳዲሶችም መጡ። በቀጣዩ ጉዞ ሸራ የሚቀበል ሰው ጠፋ። ሁሉም ምሰሶ ይፈልጋል። ሁሉም ከኋላ መሄድ ይፈልጋል። የስፖርት አስተማሪው ሸራውን ሁሉ ለብቻው ተሸክሞ፣ እንደ አቡጀዲ ነጋዴ፣ ባዶ በረሃ ፊት ለፊቱ ይዞ ቆመ። ኋለኞቹ «አንተ ቅደም»፣ «ኧረ አንቺ ቅደሚ» ሲባባሉ ፀሐይዋ ወጥታ አለቀች።

እራት ላይ ሚጡ ጠየቀች፤ «ሁሉም መጨረሻ መሆን ከፈለገ ማን ይሄዳል?» ምግቡ ቀዘቀዘ።

መምህርቷ አሁን የያዘችው ይህን ነው። ከፊት ያለ ሰው ብቻ የሚያገኘው ነገር ምንድነው? አስባ አስባ አንድ ነገር ላይ ደርሳለች፤ ዱካ። ሌሊት በአሸዋው ላይ ያለፈው ቀበሮ፣ እንሽላሊት፣ ወፍ የሚጽፈውን የሚያነበው መጀመሪያ የደረሰው ነው። ኋለኛው የሚያገኘው የጫማ ኮቴ ብቻ ነው። ልጆቹ ዱካ ማንበብ ቢለምዱ ከፊት ለመሆን ይሻማሉ፤ ሳይረግጡት በገመድ ከበው ካለፉ ደግሞ ለኋለኞቹም ይተርፋል።

ለማስተማሪያ ግን ዱካ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ከመከፈቱ በፊት የርዝመት ዝላይ የሚዘለልበትን አሸዋ በመጥረጊያ ደልድላ፣ ጫፉ ላይ ተንበርክካለች። በአንድ እጇ የሰርዲን ቁራጭ ይዛለች። ሚጡ በሌላኛው ጫፍ የጥበቃውን ድመት አስቀምጣ ከኋላ በቀስታ ትገፋታለች።

«ነይ፣ ነይ የኔ ቆንጆ» ትላለች መምህርቷ። «ቀስ ብለሽ፣ በመሃል፣ እግርሽን ደህና አድርገሽ እየረገጥሽ...»

ድመቷ አሸዋውን በአንድ እግሯ ነካች። እግሯን አራገፈች። ዳር ዳሩን ባለው ሲሚንቶ ላይ ዞራ መጣችና ሰርዲኑን በላች።

«ሲሚንቶውንም አሸዋ እናልብሰው» አለች ሚጡ፣ አካፋ ልታመጣ እየተነሳች።